የራውተርሽ «ስታቲክ» ኤአርፒ ለምን አልጠፋ አለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ነው? የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ቤታችን ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የህትመት ሥራ አለኝ። ራውተሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ከታይዋን ገበያ። ከፋይበር ሞደሙ ጋር በኬብል ተገናኝቷል። ለእናቴ አዲስ ስልክ ከገዛንላት ወዲህ ዋይፋይ ይይዛል፣ ‹ኢንተርኔት የለም› ይላል። የእኔና የወንድሜ ስልክ ግን ይሠራሉ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ኤአርፒ የሚል ሰንጠረዥ ላይ ‹ስታቲክ› የተባሉ አራት መስመሮች አገኘሁ። ስሰርዛቸው ይጠፋሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ተመልሰው ቁጭ! ላፕቶፔ ላይም ስታቲክ የሚሉ አሉ፤ እነሱማ ገና ከመሰረዛቸው ይመለሳሉ። ሰው ጠልፎኝ ይሆን? ራውተሩን ልጣለው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ከጻፍሽው ውስጥ መጠለፍን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ራውተሩንም አትጣይው። ችግሩ ግን እውነተኛ ነው፤ እናትሽም ያለ ኢንተርኔት መቆየት የለባቸውም። ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ፤ ያገለገለ ራውተር ገዝቶ ከዚሁ ነገር ጋር የሚታገል ሰው እዚህ ድሬ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዢልኝ። ስታቲክ መዝገብ ራሱን አይጽፍም። የሚጽፈው አለ፤ ያ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ተቀምጧል። አንቺ ሰንጠረዡ ላይ ስትሰርዢ እሱ እንደገና ይጽፋል። ስለዚህ ሥራችን ጸሐፊውን ማግኘት ነው። እሱ ከተገኘ መሰረዙ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

ኤአርፒ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልበልሽ። ቤትሽ ውስጥ ያለ ስልክም ሆነ ፕሪንተር ሁለት አድራሻ አለው። አንዱ አይፒ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይሄን ራውተሩ ነው የሚያድለው፤ ሊቀያየር ይችላል። ሌላው ማክ አድራሻ ነው። 48 ቢት ርዝመት አለው፣ በስድስት ጥንድ ይጻፋል፣ በተለምዶ ከፋብሪካው ከዕቃው ጋር ይመጣል። ቤት ውስጥ በኬብልም በዋይፋይም ዳታው ዕቃው ጋ የሚደርሰው በማክ አድራሻ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ለ192.168.1.50 የሚያደርሰው ነገር ሲኖር መጀመሪያ ለሁሉም ይጠይቃል፦ «192.168.1.50 ማን ነው? ማክህን ንገረኝ።» ባለቤቱ ይመልሳል። ራውተሩ መልሱን ሰንጠረዡ ላይ ይይዛል። ይሄ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 826 በሚባል ሰነድ የወጣ ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

እየጠየቀ የሚይዘው መዝገብ ዳይናሚክ ይባላል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ዊንዶውስ ላይ አንድ መዝገብ ሳይጣራ የሚታመነው ከ15 እስከ 45 ሰከንድ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር ውስጡ ሊነክስ የሚባለው ሲስተም ስለሆነ እሱም እዚያው አካባቢ ነው። የትልልቅ ድርጅት ዕቃዎች ይታገሳሉ፤ ሲስኮ ራውተር ላይ ካልተቀየረ በቀር 4 ሰዓት ነው። ስታቲክ መዝገብ ግን ጊዜ የለውም። «192.168.1.50 ማለት ይሄ ማክ ነው፣ አትጠይቅ» የሚል ትእዛዝ ነው። ራውተሩ ያምናል። አይጠይቅም፣ አያጣራም። ሲም የቀየረ ሰው አሮጌ ቁጥር ስልክሽ ላይ እንደቀረ ዓይነት ነው፤ ስሙ ልክ ነው፣ ጥሪው ግን ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ቀላሉ እሱ ስለሆነ ቶሎ እንገላገለው። ዝርዝሩን ክፈቺና ስታቲክ የሚሉትን አይፒዎች እያቸው። በ224 ወይም በ239 ይጀምራሉ? በ255 ያልቃሉ? ከሆነ ተያቸው። 224.0.0.22፣ 239.255.255.250፣ 192.168.1.255፣ 255.255.255.255፤ ማንኛውም ዊንዶውስ ላይ የሚገኙ ናቸው። የአንድ ዕቃ አድራሻ አይደሉም፤ የቡድን ወይም የሁሉም አድራሻ ናቸው። ለምሳሌ 239.255.255.250 ስማርት ቴሌቪዥንና ፕሪንተር የመሳሰሉት «እኔ እዚህ አለሁ» የሚባባሉበት ነው። የእነዚህ ማክ ከአይፒያቸው በስሌት ይገኛል፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ለዚህ ነው ዊንዶውስ ራሱ ስታቲክ ብሎ የሚጽፋቸው። ማካቸው ወይ በ01-00 ይጀምራል፣ ወይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ ነው። ስትሰርዢያቸው ወዲያው የሚመለሱት ዊንዶውስ ስለሚፈልጋቸው ነው። ምንም አይጎዱሽም።

ላፕቶፑ ላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የራውተሩ የራሱ አድራሻ፣ ማለትም 192.168.1.1፣ ስታቲክ ሆኖ ካገኘሽው እሱን ሰው ነው ያስገባው። ከዚህ በፊት ላፕቶፑን ያየልሽ ባለሙያ ለጥንቃቄ ብሎ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። «ኔትኤስኤች» በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የገባ ከሆነ ቋሚ ማከማቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳም አለ። ራውተር በተቀየረ ቀን ያ ላፕቶፕ ብቻውን ኢንተርኔት ያጣል። የሚነሳውም በዚያው በኔትኤስኤች ነው፤ ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ከዝርዝሩ «ዲሊት ኔይበርስ» የሚለውን ትጠቀሚያለሽ። አንቺ ግን ላፕቶፑ ኢንተርኔት የለውም ስላላልሽኝ እዚህ ላይ የምትነኪው ያለ አይመስለኝም።

ዋናው ነገር ራውተሩ ነው። ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም የጠቀመኝ ዓረፍተ ነገር «መብራት ሄዶ ሲመጣ ተመልሰው ቁጭ» ያልሽው ነው። መዝገቡ *መቼ* እንደሚመለስ ማወቅ ማን እንደጻፈው ማወቅ ነው ማለት ይቻላል።

ከሰረዝሽው በሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ የሚጽፈው እየሠራ ያለው ሲስተም ራሱ ነው። ልክ እንደ ላፕቶፕሽ። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ሰርዘሽው ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ከተመለሰ ግን ጸሐፊው ራውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ሴቲንግ ነው። ራውተሩ ሲነሳ ሴቲንጉን ከማከማቻው ያነባል፣ ሰንጠረዡንም ከዚያ ይሞላል። አንቺ የሰረዝሽው ጊዜያዊውን ሜሞሪ ነው። መብራት ሲሄድ ሜሞሪው ባዶ ሆነ፤ ሲመጣ ማከማቻው ያለውን መልሶ አፈሰሰ። ሦስተኛም አለ፦ ራውተሩ ሳይጠፋ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በራሱ ከመጣ ከውጭ የሚልክለት አለ ማለት ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚታየው አገልግሎት ሰጪዎች ከርቀት በሚያስተዳድሯቸው ሞደሞች ላይ ነው፤ የርቀት ማስተዳደሪያው ቲአር-069 ይባላል። ያገለገለ ራውተር ላይ ደግሞ የድሮው ባለቤት ወይም የድሮው ድርጅት አድራሻ በራውተሩ የቲአር-069 ገጽ ላይ ተረስቶ ሊቀር ይችላል። አግኝተሽ ካየሽው አጥፊው።

ያንቺ ሁለተኛው ዓይነት ነው። የተቀመጠ ሴቲንግ ነው።

አሁን ይሄ ሴቲንግ የእናትሽን ስልክ ለምን ብቻውን እንደለየው እንይ። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ከገባሽ ሌላ ቀን ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ራስሽ ትለዪዋለሽ።

ስልኩ ዋይፋይ ሲይዝ የሚያስፈልገው ፓስወርድ ብቻ ነው። ኤአርፒ እዚህ ውስጥ የለም። ቀጥሎ አይፒ ይጠይቃል። ይሄ በዲኤችሲፒ (አይፒ በሚያድለው አሠራር) ነው፤ ስልኩ ጥያቄው ውስጥ የራሱን ማክ ስለሚጽፍ ራውተሩ የኤአርፒ ሰንጠረዡን ማየት ሳያስፈልገው መልስ ይሰጠዋል። እንበል 192.168.1.102 ሰጠው። እስካሁን ሁሉ ሰላም ነው፤ ስልኩም «ተገናኝቻለሁ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት ጥያቄ ይልካል። ይሄዳል። መልሱም ከኢንተርኔት ተመልሶ ራውተሩ በር ላይ ይደርሳል። ራውተሩ «ይሄ የ192.168.1.102 ነው፣ ማኩ ማን ነበር?» ብሎ ሰንጠረዡን ያያል። እዚያ ላይ ስታቲክ መዝገብ አለ፤ የማን? የድሮው ባለቤት ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል። ራውተሩ መልሱን ለዚያ ቴሌቪዥን ይልካል። ቴሌቪዥኑ እናንተ ቤት የለም። ስልኩ ጠብቆ ጠብቆ «ኢንተርኔት የለም» ይላል።

ታዲያ ራውተሩ ለሌላ ዕቃ የታሰረ አይፒ ለእናትሽ ስልክ ለምን ሰጠ? ብዙ ራውተሮች ላይ አይፒ የሚያድለው ክፍልና ኤአርፒ የሚያስረው ክፍል ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ስላሏቸው ነው። አዳዩ ስለ እስሩ አያውቅም። ያንቺና የወንድምሽ ስልክ ያልታሰረ ቁጥር ደረሳቸው። አዲስ ስልክ ሲገባ አዲስ ቁጥር ወጣለት፤ እሱ ከታሰሩት አራቱ አንዱ ላይ አረፈ። ስልኩ ምንም አልበደለም። ብር አውጥተሽ ለጠጋኝ እንዳትሰጪው።

ይሄን በግምት እንዳትወስጂው፣ ፈትሺው። የእናትሽን ስልክ ያዢና ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርኩን ስም ነክተሽ ዝርዝሩን አውጪ። አይፒውና ማኩ አሉ። ከዚያ ራውተሩ ላይ ያንኑ አይፒ ፈልጊ። አጠገቡ ያለው ማክ ከስልኩ ማክ ጋር ካልተመሳሰለ ጉዳዩ አለቀ፤ አገኘሽው። ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለግሽ ስልኩ ላይ አይፒውን በእጅ ቀይሪው፦ ስታቲክ ብለሽ 192.168.1.177 ዓይነት ማንም የማይጠቀምበት ቁጥር ስጪው፣ ጌትዌይ (የራውተሩ አድራሻ) ላይ 192.168.1.1፣ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) ላይ 8.8.8.8። ኢንተርኔቱ በዚያው ቅጽበት ከመጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ስትጨርሺ ግን ወደ አውቶማቲክ መልሺው። እንዲሁ ብትተዪው ነገ እናትሽ ዘመድ ቤት ሄደው ዋይፋይ ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ አንዳንድ ስልክ ለየኔትወርኩ ለብቻ ይይዘዋል፣ ግን መጠንቀቁ አይከፋም።

ሙቀት ነው የሚሉሽም ይኖራሉ። የድሬ ሙቀት ራውተር እንደሚያዳክም እውነት ነው፤ ፍሪጅ ላይ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጪው። ግን በሙቀት የተዳከመ ራውተር ሁሉንም ነው የሚያቋርጠው። አንድ ስልክ መርጦ ሌላውን አይተውም።

ወደ ማስተካከሉ እንግባ። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኚው፤ መሐል ላይ ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንኳ መግቢያ ይኖርሻል። ከመንካትሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

መጀመሪያ የምትፈልጊው ገጽ አይፒና ማክ የሚያስረው ነው። ብዙ ቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ላይ «አይፒ ኤንድ ማክ ባይንዲንግ» ይባላል፤ ሥሩ ሁለት ገጽ አለ። አንዱ የኤአርፒ ዝርዝር ነው፣ ሌላው የባይንዲንግ ሴቲንግ ነው። አንቺ የሰረዝሽው ዝርዝሩን ሊሆን ይችላል፤ የሚቀመጠው ግን ሴቲንጉ ላይ ያለው ነው። በሌሎች ራውተሮች «ስታቲክ ኤአርፒ» ወይም «ኤአርፒ ባይንዲንግ» ይላል፤ ላን፣ ሴኪዩሪቲ ወይም አድቫንስድ የሚሉት ውስጥ ፈልጊው። ስታገኚው ለመሰረዝ አትቸኩዪ። ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው «ዲስኤብል» የሚል ምርጫ ካለ መጀመሪያ እሱን ንኪ። የእናትሽን ዋይፋይ አጥፍተሽ አብሪው። ከሠራ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነሽ፤ ያኔ መስመሮቹን አንድ በአንድ ሰርዢ።

እዚያ ገጽ ላይ ምንም ከሌለ ወደ ዲኤችሲፒ ሂጂ። «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚል አለ። ሥራው ለአንድ ማክ ሁልጊዜ አንድ አይፒ መስጠት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንዳንድ ራውተሮች ሪዘርቭ የተደረገውን ሁሉ ሳይነግሩሽ ኤአርፒ ላይም ስታቲክ አድርገው ይጽፉታል። እንዲህ ከሆነ ኤአርፒ ላይ ዓመት ሙሉ ብትሰርዢ አይጠፋም። ከሪዘርቬሽኑ ላይ ስታነሺው ግን አብሮ ይጠፋል።

ከሰረዝሽ በኋላ ሴቭ አድርጊ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንዳንድ ራውተር ላይ የየገጹ ሴቭ ለጊዜው ብቻ ነው፤ ሲስተም ቱልስ ወይም ሌላ ቦታ ላይ ለብቻው የተቀመጠ «ሴቭ» አለ፣ ወደ ማከማቻው የሚጽፈው እሱ ነው። ሴቭ ካልሽ በኋላ ደግሞ ወዲያው ከሶኬት አትንቀዪው። መጻፉን እስኪጨርስ አንድ ደቂቃ ያህል ስጪው፣ ከዚያ ከሜኑው «ሪቡት» በዪ። ሲነሳ ሰንጠረዡን እይ። አራቱ ከሌሉ ጨርሰሻል።

ራሱን ራውተሩንና የዋን ገመዱን (ከሞደሙ ኢንተርኔት የሚመጣበትን) የሚመለከቱ መስመሮች ካየሽ ግን አትንኪ። ሰንጠረዡ ላይ «ኢንተርፌስ» የሚል ዓምድ ካለ ዋን የሚለውን ተይው፤ ላን (የቤት ውስጡ ኔትወርክ) የሚለው ላይ ብቻ ሥሪ።

ራውተሩ ላይ ኦፕን ደብሊውአርቲ ወይም ሌላ ሊነክስ የተጫነበት ሰው ይሄን ካነበበ አንድ ነገር ልጨምርለት። «አይፒ ኔይ ፍለሽ» የሚለው ትእዛዝ ፐርማነንት የሆኑትን አይነካም። ባዶ አደረግኩ ብለህ ስታይ አሁንም ያሉት ለዚህ ነው። በስም ለይተህ መሰረዝ፣ ወይም ፐርማነንት የሆኑትን ጨምር ብለህ በግልጽ ማዘዝ አለብህ።

አሁን ለአንቺ በግልጽ የምመክርሽ ነገር፦ መስመሮቹን ብታገኚያቸውም ባታገኚያቸውም ይሄን ራውተር ፋክተሪ ሪሴት አድርጊው። ያገለገለ ነው። የሌላ ሰው ሴቲንግ ውስጡ እንዳለ አሁን በዓይንሽ አይተሻል። አራት የኤአርፒ መስመሮች ከቀሩ ሌላ ምን እንደቀረ ማን ያውቃል? አንቺን ያስደነገጠሽ ስታቲክ ኤአርፒው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ዲኤንኤሱ ነው። ዋን ገጹ ላይና ዲኤችሲፒ ገጹ ላይ የማታውቂው የዲኤንኤስ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ የምትከፍቺውን ድረ ገጽ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው የሚችለው እሱ ነው። የባንክ አፕና የደንበኞችሽ ሰነድ ያለበት ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከኢንተርኔት ወደ ቤት ዕቃ የሚከፈት በር)፣ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን መክፈቻ፣ የድሮ አድሚን ፓስወርድ፤ ሁሉም በአንድ ሪሴት ይጠራሉ።

ሪሴት ከማድረግሽ በፊት ዋን ገጹን ፎቶ አንሺ። «ዳይናሚክ አይፒ» የሚል ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፣ ከሪሴት በኋላም ያንኑ መምረጥ ነው። «ፒፒፒኦኢ» የሚል ከሆነ ግን ዩዘር ኔሙንና ፓስወርዱን ከአገልግሎት ሰጪሽ ሳታገኚ እንዳትነኪው፤ ፓስወርዱ ራውተሩ ላይ በኮከብ ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ከዚያ ራውተሩ በርቶ እያለ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወይም በወረቀት ማያያዣ ተጫኚ፤ በተለምዶ 10 ሰከንድ ያህል፣ መብራቶቹ እስኪለወጡ። የድሮ ባክአፕ ፋይል ካለ አትመልሺው። መልሰሽ ከጫንሽው አራቱ መስመሮችም አብረው ይመጣሉ። አዲስ ፈርምዌር (የራውተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ካለውም መጫኑ ጥሩ ነው፤ ግን መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሁን። በመሐል መብራት ከሄደ ራውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

የስልኩ አይፒና ማክ ሰንጠረዡ ላይ ተመሳስለው ካገኘሽ ያልኩሽ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ያኔ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። ከሞደሙ የመጣው ኬብል ራውተሩ ላይ ለብቻው ቀለም ባለው ዋን ቀዳዳ ነው የገባው ወይስ ከላን ቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ? ላን ላይ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ሁለት አይፒ አዳይ አለ፤ ሞደሙም ራውተሩም። አንዱ ስልክ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይወስዳል። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ አንድ አድራሻ ለሁለት ባለቤት። ኬብሉን ወደ ዋን አዛውሪና የራውተሩን ላን ወደ 192.168.10.1 ቀይሪው።

ስለ ጠላፊ ጠይቀሻልና እሱንም ልመልስ። በኤአርፒ የሚደረግ ጥቃት አለ። አጥቂው ቤትሽ ዋይፋይ ላይ ገብቶ «192.168.1.1 እኔ ነኝ» ብሎ ሳይጠየቅ ይመልሳል፤ ላፕቶፕሽም ያምነዋል። ምልክቱ ላፕቶፕሽ ላይ ነው የሚታየው፣ *ዳይናሚክ* በሆነው መዝገብ ላይ። የ192.168.1.1 ማክ በድንገት ተቀይሮ ከሌላ የቤት ዕቃ ማክ ጋር አንድ ከሆነ ጠርጥሪ። ትክክለኛውን ራውተሩ ሥር ካለው ወረቀት ጋር አስተያዪ፤ የመጨረሻዋ አሐዝ ትንሽ ብትለይ አትደንግጪ፣ የላኑና የዋይፋዩ ማክ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይለያያሉ። ሪፒተር (ዋይፋዩን የሚያራዝም ዕቃ) ካላችሁም ከሱ ጀርባ ያሉት ስልኮች በሙሉ በአንድ ማክ ሊታዩ ይችላሉ፤ ይሄ ጥቃት አይደለም፣ የሪፒተር አሠራር ነው። ስታቲክ መዝገብ እንዲያውም ከዚህ ዓይነት ጥቃት መከላከያ ሆኖ ነው የሚያገለግለው። የድሮው ባለቤት አራቱን ያሰረው ለዚያ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አንቺስ እሰሪ? እኔ ለቤት አልመክረውም። በተለይ ለስልክ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አይፎንም ከአይኦኤስ 14 ከ2020 ጀምሮ፣ ለየዋይፋዩ ራሳቸው የፈጠሩትን ማክ ነው የሚያሳዩት። ከማክ አድራሻው ሁለተኛዋን ምልክት እይ፦ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነች የተፈጠረ ነው፣ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። የስልኩ ካርቶን ላይ ያለውን ማክ ራውተሩ ላይ ብትጽፊ አይገጥምም። አይኦኤስ 18 ላይ ደግሞ «ሮቴቲንግ» የሚል ምርጫ አለ፤ ማኩ በየጊዜው ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ስልክ በስታቲክ ኤአርፒ ማሰር ዛሬ የተገላገልሽውን ችግር በገዛ እጅሽ መመለስ ነው።

ለፕሪንተርሽ ግን ቋሚ አይፒ ያስፈልግሻል፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ቁጥሩ ይቀየርና ደንበኛ ቆሞ እያለ ላፕቶፑ «ኦፍላይን» ይልሻል። ለሱ አድሬስ ሪዘርቬሽን ብቻ በቂ ነው። ዲኤችሲፒው ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 እንዲያድል አድርጊና ፕሪንተሩን 192.168.1.50 ላይ ሪዘርቭ አድርጊው። ራውተሩ ከዚያ ክልል ውጭ አልቀበልም ካለሽ ከውስጡ የመጨረሻውን፣ 199ን፣ ስጪው። የፕሪንተሩን ማክ ከራሱ ሜኑ ውሰጂ፤ በሪፒተር በኩል ተገናኝቶ ሳለ ከራውተሩ ዝርዝር ላይ አትገልብጪ። ኤአርፒ ባይንዲንጉን እንደጠፋ ተይው። ስታቲክ ኤአርፒ ቤት ውስጥ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ የጠፋ ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ለማስነሳት፤ አንቺ ግን ይሄን አልጠየቅሽኝም።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ስልኩ አሁንም እምቢ ካለ ሦስት ፎቶ ላኪልኝ፦ የእናትሽ ስልክ የዋይፋይ ዝርዝር፣ የራውተሩ ኤአርፒ ሰንጠረዥ፣ የዲኤችሲፒ ገጹ። የራውተሩን ሞዴልም ሥሩ ካለው ወረቀት ላይ አንብበሽ ጻፊልኝ፤ ወረቀቱን ፎቶ አታንሺው፣ የዋይፋይ ፓስወርዱ እዚያው ላይ ሊኖር ይችላል።